የአማንቶና የወገኖቹ ታሪክ

በደቡብ አሜሪካ ምዕራባዊ ዳርቻ ከሰሜን እስከ ደቡብ የተዘረጋው የአንዲስ ተራራ ከፔሩና ከቦሊቪያ ምድር ሲደርስ በሁለት ሰንሰለት ተከፍሎ በመካከሉ ሰፊ ደጋ ይተዋል። አልቲፕላኖ በሚባለው በዚህ ደጋ ላይ፣ ከባሕር ወለል 3,800 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ ስፋቱ ከ8,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚበልጥ፣ ጥልቀቱም ከሁሉ በሚጠልቅበት ስፍራ 280 ሜትር ያህል የሆነ የቲቲካካ ሐይቅ ይገኛል። ከዙሪያው ተራሮች ብዙ ወንዞች ወደ እርሱ ሲወርዱ ከእርሱ የሚወጣው ዴሳጓዴሮ የተባለው አንድ ወንዝ ብቻ ነው፤ ይህም ወንዝ የሚወስደው ጥቂት ስለ ሆነ፣ ከገባው ውሃ ከመቶ ዘጠና እጅ የሚበልጠውን የሚጠጡት ፀሐይና ነፋስ ናቸው። ሌሊቱ እጅግ በሚበርድበት፣ ቀኑ በፀሐይ በሚያቃጥልበት፣ አየሩም ስስ በሆነበት በዚህ ስፍራ አንድ የትናንሽ ዓሦች ወገን ተፈጥሮ፣ ሌላ ዓሣ በብዛት ሳይጋፋው፣ በእልፍ አእላፍ በዝቶ ኖሯል፤ ሊቃውንት ኦሬስቲያስ ይሉታል። የዚህን ወገን ታሪክ ከጥንቱ ጀምሬ በተራ እተርካለሁ፤ የምጠራቸውም ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በበረዶ ዘመናት መመላለስ የአልቲፕላኖ ሐይቆች አንድ ጊዜ ሞልተው ሜዳውን ሁሉ ይሸፍኑ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ጎድለው የጨው ምድር ይተዉ ነበር። ከ18,000 እስከ 14,000 ዓመት ገደማ በፊት ታውካ የሚባለው ታላቅ ሐይቅ ዛሬ የጨው በረሃ የሆነውን የደቡብ ቦሊቪያን ደጋ አጥለቅልቆት እንደ ነበረ በድንጋዩ ላይ የቀረው የጥንት የውሃ ልክ ይመሰክራል። ውሃው ሲበዛ ዓሦቹ ከአንዱ ተፋሰስ ወደ ሌላው ይሻገራሉ፤ ሲጎድል በየምንጩና በየኩሬው ተለያይተው ይቀራሉ፤ ተለያይተው በኖሩበትም ዘመን እያንዳንዱ ጉባኤ የየራሱን መልክና ጠባይ ይይዛል። ኦሬስቲያስ በሰሜን ከፔሩ የአንካሽ ሐይቆች ጀምሮ በደቡብ እስከ ቺሌ የአስኮታን ጨዋማ ሜዳ ድረስ ተበታትኖ የተገኘበት ምክንያት ይህ ነው።

በቲቲካካ ውስጥ ግን መለያየቱ የሆነው በምድር ሳይሆን በኑሮ ነው። ከእነዚህ ዓሦች አንዳንዱ በዳር በበቀለው ቶቶራ በሚባለው ደንገል መሰል ተክል መካከል ይሸሸጋል፤ አንዳንዱ ወደ ታች ወርዶ በጭቃው ላይ ያለውን ቀንድ አውጣና ትናንሽ ነፍሳት ይለቅማል፤ ሌላው ደግሞ በገላጣው ውሃ እየተንሳፈፈ በዓይን የማይታዩትን ፍጥረታት ይመገባል። አብዛኞቹ ከሰው ጣት ብዙም የማይረዝሙ ሲሆኑ፣ ሁሉንም አንድ የሚያደርጋቸው ምልክት ሌሎች ዓሦች ከሆዳቸው ሥር የሚሸከሟቸው ሁለት ክንፎች እነርሱ ፈጽሞ የሌሏቸው መሆኑ ነው። ከሁሉ የሚበልጠው አማንቶ የተባለው ነበር፤ ርዝመቱ ከ20 ሴንቲ ሜትር ያልፋል፣ አፉ ወደ ላይ የተገለበጠ ነው፣ ታናናሾቹንም ወንድሞቹን አሳድዶ ይበላል። የዚህ ዓሣ ስም በኋላ ደጋግሞ ይመጣልና አንባቢ ይያዝልኝ።

ሰው ወደ ሐይቁ ዳር መጥቶ በተቀመጠ ጊዜ ከምግቡ አንደኛው ይኸው ዓሣ ሆነ። በደቡባዊው ዳርቻ በታራኮ ልሳነ ምድር ላይ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1500 ገደማ የተመሠረተው የቺሪፓ መንደር በተቆፈረ ጊዜ፣ አመዱን በጥንቃቄ ያጠሩት የጥንተ ታሪክ ተመራማሪዎች የኦሬስቲያስን አጥንትና ቅርፊት በብዛት አግኝተዋል። ከዚያ በኋላ በዚያው አካባቢ የተነሣው፣ ታላላቅ ድንጋዮችን ጠርቦ ያቆመው የቲዋናኩ መንግሥት፣ ከእርሱም በኋላ በ15ኛው ምዕት ዓመት ሐይቁን ከግዛቱ የቀላቀለው የኢንካ መንግሥት፣ ድንችና ኪኑዋ ከሚያበቅለው ገበሬና ላማ ከሚያረባው እረኛ ጋራ ዓሣ አጥማጁንም በሥራቸው አሳደሩ። ከአጥማጆቹ ዋነኞቹ ኡሮ የሚባሉት ሕዝብ ናቸው፤ እነርሱም ቶቶራውን እያሰሩ ታንኳ፣ እየደራረቡም ተንሳፋፊ ደሴት ሠርተው በውሃ ላይ የሚኖሩ፣ በየብስ ያሉት አይማራዎች ዝቅ አድርገው የሚያዩአቸው ድሆች ነበሩ። አይማራዎች ስለ ዓሦቹ በነበራቸው ዕውቀት፣ ካራቺን፣ ኢስፒንና አማንቶን ለይተው ይጠሩ እንደ ነበር ስሞቹ እስከ ዛሬ ይመሰክራሉ፤ ካራቺ ከደረቀ ድንችና ከዱር ቅጠል ጋራ ተቀቅሎ ዋሊያኪ የሚባል ሾርባ ይሆናል፣ ኢስፒም ከነራሱና ከነጅራቱ ተጠብሶ ይበላል።

ስፓኛውያን አገሩን ከያዙ በኋላ የንጉሣቸው መልእክተኛ ጋርሲ ዲየስ ዴ ሳን ሚጌል በ1567 በሐይቁ ምዕራብ ዳር ያለውን የቹኩይቶን አውራጃ ዞሮ ሕዝቡንና ግብሩን በመዝገብ ሲጽፍ፣ ኡሮዎችን ከአይማራዎች ለይቶ ቆጠራቸው። ከእርሱም በኋላ የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን የሆነው ሆሴ ዴ አኮስታ፣ በፔሩ ብዙ ዘመን ተቀምጦ ከተመለሰ በኋላ በ1590 ባሳተመው የአዲሱ ዓለም ታሪክ ስለዚህ ሐይቅ ሲናገር፣ በውስጡ ሁለት ዓይነት ዓሣ በብዛት እንዳለ፣ ሱቼ የተባለው ትልቁ ጣዕም ያለው ቢሆንም ለጤና የማይስማማ፣ ቦጋ የተባለው ትንሹ ግን ለጤና የተሻለ ሆኖ አጥንቱ የበዛ መሆኑን ጻፈ። ሱቼ ቅርፊት የለሽ ሌላ ዓሣ ነው፤ ቦጋ ግን ከኦሬስቲያስ ወገን ነውና፣ ከአውሮፓ ጽሕፈት ውስጥ ይህ ወገን የገባው ለሆድ በሚሆን ምክርና በካህን ብዕር መሆኑ ነው። ከዚያ ወዲህ ሁለት መቶ ተኩል ዓመት ያህል ስለ ዓሦቹ ብዙ የተጨመረ ነገር የለም።

በ19ኛው ምዕት ዓመት መጀመሪያ ቦሊቪያ ነጻ ስትወጣ፣ እንግሊዞች የአዲሲቱን አገር ማዕድንና መንገድ እንዲመረምርላቸው ጆሴፍ ባርክሊ ፔንትላንድ የተባለ የአየርላንድ ተወላጅ በ1826 ላኩ። ይህ ሰው በፓሪስ ከታላቁ የእንስሳት ሊቅ ከዦርዥ ኩቪየ ጋራ የሠራ ስለ ነበረ፣ ዓይኑ ከማዕድኑ ይልቅ በፍጥረታቱ ላይ ያርፍ ነበር። ተራሮቹን ሲለካ ቁመታቸውን ከእውነተኛው እጅግ አብልጦ ስለ ጻፈ፣ ሶራታና ኢሊማኒ ከኢኳዶሩ ከቺምቦራሶ ይበልጣሉ የሚል ወሬ በአውሮፓ ተናኝቶ በኋላ በኀፍረት ታርሟል፤ ከሐይቁ ለቅሞ በአልኮል ያመጣቸው ዓሦች ግን ማንም ሊያርማቸው የማይችል እውነተኛ ምስክሮች ነበሩ። በ1836 ዳግመኛ የእንግሊዝ ቆንስል ጄኔራል ሆኖ ወደ ቦሊቪያ ሄደ።

ዓሦቹ በፓሪስ ቤተ መዘክር በአሺል ቫለንሲየን እጅ ገቡ። ቫለንሲየን ከኩቪየ ጋራ የዓለምን ዓሦች ሁሉ በቅደም ተከተል የሚገልጽ፣ ከ1828 እስከ 1849 በ22 ቅጽ የወጣ መጽሐፍ ሲጽፍ ቆይቶ፣ መምህሩ በ1832 ሲሞት ሥራውን ብቻውን ይዞ የቀጠለ ታማኝ ደቀ መዝሙር ነበር። በ1839 አዲሱን ወገን በግሪክ ተረት በተራራ ላይ በሚኖሩት አማልክት ስም ኦሬስቲያስ ብሎ ሰየመ፤ በ1846 ደግሞ በመጽሐፉ 18ኛ ቅጽ ዝርያዎቹን በየስማቸው ዘርዝሮ ገለጠ። ታላቁን አማንቶ በሞተው መምህሩ ስም ኩቪየሪ አለው፤ ቦጋን በአምጪው በፔንትላንድ፣ ካራቺን በስዊሱ ሊቅ በሉዊ አጋሲ፣ ሌላውንም በጀርመኑ በሙለር ስም ጠራ። ስለዚህ የአንዲስ ደሀ አጥማጅ በየማለዳው ከመረቡ የሚያወጣቸው ዓሦች፣ እርሱ ሳያውቅ፣ በአውሮፓ መዝገብ ላይ የሊቃውንት ጉባኤ ሆነው ተጻፉ።

ከዚያ በኋላ መንገዱ እየተከፈተ ሄደ። የፔሩ መንግሥት በ1861 ከእንግሊዝ አገር ያዘዛቸው ያቫሪና ያፑራ የተባሉ ሁለት የብረት መርከቦች ተፈታተው በ1862 ከወደቡ ከደረሱ በኋላ፣ ብሎናቸውና ምሰሷቸው በበቅሎ ጀርባ ተራራውን ሲወጣ ዓመታት ፈጅቶ፣ ያቫሪ በ1870 በልደት ቀን ከሐይቁ ላይ ተንሳፈፈች። የድንጋይ ከሰል በዚያ ደጋ ስላልነበረ እሳቷ የሚነደው በደረቀ የላማ ኩበት ነበር። የባቡር ሐዲድ ደግሞ ከውቅያኖሱ ዳር ተነሥቶ በ1874 ፑኖ ደረሰ። ይህን መንገድ የምጠቅሰው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሊቃውንቱ የገቡበት በር፣ በኋላ ጥፋቱም የገባበት በር ነውና።

በዚያው በ1874 መጨረሻ የሉዊ አጋሲ ልጅ አሌክሳንደር አጋሲ ወደ ሐይቁ መጣ። አባቱና ሚስቱ በቀደመው ዓመት በታኅሣሥ ወር በጥቂት ቀናት ልዩነት ሞተውበት፣ ኀዘኑን በሥራ ሊያስታግሥ የወጣ፣ በሚሺጋን የመዳብ ማዕድንም እጅግ የበለጸገ ሰው ነበር። ረዳቱ ሳሙኤል ጋርማን ዓሦቹንና ግዙፉን የሐይቁን እንቁራሪት እየሰበሰበ፣ እርሱ ጥልቀቱን በገመድ እየለካ ሲመላለሱ፣ ልጁ በአባቱ ስም የሚጠራውን ዓሣ ከውሃው አውጥቶ ወደ ሃርቫርድ ቤተ መዘክር ላከ። ጋርማን የደረሰበትን በ1876 አሳተመ። ከእነርሱም በኋላ በ1903 የፈረንሳይ ተልእኮ መጥቶ ሐይቆቹን ሁሉ መረመረ።

አሁን ወደ ታሪኩ እምብርት ደረስን። በ1930ዎቹ አጋማሽ የፔሩ መንግሥት ሐይቁን ለሕዝቡ ምግብ፣ ለግምጃ ቤቱም ገቢ እንዲሆን አስቦ፣ የዓሣ ሀብት ዐዋቂ ከአሜሪካ አስመጣ። የዐዋቂው ፍርድ ግልጽ ነበር፤ በሐይቁ ያሉት ዓሦች ትናንሽና አጥንታም ስለ ሆኑ ለንግድ አይበቁም፣ በሰሜን አሜሪካ ቀዝቃዛ ሐይቆች ያለው ትልልቁ ዓሣ ግን በዚህ ውሃ ሊስማማው ይችላል የሚል ነው። ካራቺና ኢስፒ ሦስት ሺህ ዓመት ሙሉ ስንት ሕዝብ እንደመገቡ የጠየቀ አልነበረም፤ ጥያቄው ስለ ቆርቆሮ እሽግ እንጂ ስለ ሾርባ አልነበረምና። በዚህም ምክር መሠረት ከ1930ዎቹ መጨረሻ እስከ 1940ዎቹ መጀመሪያ ድረስ የሐይቅ ትራውትና ቀስተ ደመና ትራውት የሚባሉት ዓሦች እንቁላል በመርከብና በባቡር ተጭኖ መጥቶ፣ በዳር በተሠራው ማስፈልፈያ ተፈልፍሎ፣ ወደ ሐይቁና ወደ ወንዞቹ ተለቀቀ።

የሚያስገርመው የዘመኑ መጋጠም ነው። በ1937 በኬሪ ጊልሰን የሚመራ የእንግሊዝ ተልእኮ በሐይቁ ላይ ነበር። የተልእኮው ወጪ የተከፈለው የባሕር ኮከብ ሲመረምር ኖሮ በሞተው በፐርሲ ስሌደን መታሰቢያ ባልቴቱ ካቋቋመችው ገንዘብ ሲሆን፣ ከአባላቱ አንዱ በኋላ በአውሮፓ ዕፅዋት መጽሐፍ ስሙ የታወቀው ቶማስ ቱቲን ነው። እነዚህ ሰዎች ውሃውን፣ ተክሉን፣ ዓሣውን አንድ በአንድ እየመዘገቡ ሳለ፣ በሌላ በኩል ደግሞ የመዘገቡትን የሚበላው እንግዳ እየተጠራ ነበር። አንዱ ወገን ምን እንዳለ ሲቆጥር፣ ሌላው ቆጠራውን ሳይጠብቅ ወሰነ።

በተልእኮው ወደ እንግሊዝ የገባውን የዓሣ ስብስብ የመረመረው ሰው ታሪክ ለብቻው መጽሐፍ ይወጣዋል። ቭላዲሚር ቸርናቪን የሩስያ የዓሣ ሊቅ ሲሆን፣ በ1930 በሶቪየት ምግብ አቅራቢነት ሥራ ላይ የነበሩ 48 ሰዎች አጥፊዎች ተብለው በተረሸኑበት ወራት ታስሮ፣ አምስት ዓመት ተፈርዶበት በነጭ ባሕር ዳር ወዳለው የሶሎቭኪ ግዞት ተላከ። በግዞቱም ውስጥ አሳሪዎቹ ዕውቀቱን ፈልገው በዓሣ ሥራ ላይ ስላሠማሩት፣ ያን ነጻነት ተጠቅሞ መንገዱን ሲያጠና ቆይቶ፣ በ1932 ሚስቱ ታትያናና ገና ልጅ የነበረው ወንድ ልጃቸው ሊጠይቁት በመጡ ጊዜ ሦስቱም በረግረጉና በተራራው በእግራቸው ተጉዘው ወደ ፊንላንድ አመለጡ። የደረሰበትን መከራ በ1935 በመጽሐፍ ገልጦ፣ በለንደን በተፈጥሮ ታሪክ ቤተ መዘክር ተቀመጠ። እዚያም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መካከል የቲቲካካን ዓሦች አጥንት እየቆጠረ፣ ቅርፊታቸውን እየለካ፣ በ1944 ወገኑን በሙሉ እንደገና የሚያደራጅ ጽሑፍ በለንደን የእንስሳት ማኅበር መጽሔት አወጣ። ብዙ አዳዲስ ዝርያዎችን ሲሰይም የተልእኮውን ሰዎች ጊልሰንን፣ ቱቲንንና ክሮፎርድን በስማቸው አስታወሰ። የትውልድ አገሩን ዳግመኛ ሳያይ በ1949 ሞተ፤ ከብዙ ዓመት በኋላ በ1981 አንድ ፈረንሳዊ ሊቅ ከዓሦቹ አንዱን ቸርናቪኒ ብሎ ጠራለት።

ቸርናቪን ያን በሚጽፍበት ጊዜ ትራውቱ በሐይቁ እየበዛ፣ ዳሩን እየፈተሸ ወንዙን እየወጣ ነበር። በ1940ዎቹ ደግሞ ከአርጀንቲና የመጣ ፔሄሬይ የሚባል ሌላ ዓሣ አዳኝ በደቡብ ባለው በፖኦፖ ሐይቅ ተለቀቀ፤ በ1950ዎቹ አጋማሽም በዴሳጓዴሮ ወንዝ ሽቅብ ተጉዞ፣ ማንም ሳይጠራው፣ ቲቲካካ ገባ። አማንቶ ከሁለቱም ጋራ አንድ ማዕድ የሚሻ ነበርና፣ የሚበላውን ዓሣ እነርሱ በሉበት፤ ጫጩቶቹንም ጭምር በሉ። ሊቃውንት በእጃቸው የያዙት የመጨረሻው አማንቶ በ1930ዎቹ መጨረሻ የተገኘ ሲሆን፣ በ1962 በተደረገው ፍለጋ አንድ እንኳ አልተገኘም። ለኩቪየ የቆመው ሕያው ሐውልት እንዲህ ፈረሰ። ቦጋም፣ አኮስታ ያመሰገነው ያ አጥንታም ዓሣ፣ ከገበያው እየራቀ ሄዶ ብርቅ ሆነ።

ታዲያ የተገኘው ትርፍ ምን ነበር? በ1960ዎቹ በፑኖ ዓሣ በቆርቆሮ የሚያሽጉ ፋብሪካዎች ተከፍተው የቲቲካካ ትራውት ወደ ውጭ ተላከ፤ ሆኖም አጥማጁ በዝቶ፣ እንቁላል ሊጥል ወደ ወንዝ የሚወጣውም ዓሣ ያለ ርኅራኄ ስለ ተጠመደ፣ ዐሥሩ ዓመት ሳይሞላ ምርቱ ወድቆ ፋብሪካዎቹ ተዘጉ። ዐሥር ዓመት ላልሞላ ንግድ፣ በዓለም ላይ በሌላ ስፍራ የማይገኝ አንድ ፍጥረት ለዘላለም ተሰጠ ማለት ነው። ትራውቱን ያመጡት ሰዎች ክፉዎች አልነበሩም፤ የተራበ ሕዝብ ሊያጠግቡ ያሰቡ ነበሩ። ነገር ግን ቅን አሳብ ከምርመራ አያድንም፤ ሐይቁን የሚያውቀውን አጥማጅ ቢጠይቁት ኖሮ ምን እንደሚጠፋ አስቀድሞ በነገራቸው ነበር።

በ1968 ስመ ጥሩው ፈረንሳዊ ጠላቂ ዣክ ኩስቶ በትናንሽ ሰርጓጅ መርከቦች ወደ ሐይቁ ወለል ወርዶ የኢንካን ወርቅ ቢፈልግ ያገኘው ወርቅ ሳይሆን እንቁራሪት ነበር፤ ጋዜጦች ስለ ወርቁ ብዙ ሲጽፉ ስለ አማንቶ ዝም አሉ። ድምፁን ያሰማው የሃምቡርጉ ሊቅ ቮልፍጋንግ ቪልቮክ ነው፤ እርሱም በ1972 ባሳተመው ጽሑፍ ባዕድ ዓሣ ማላመድ በቲቲካካ ላይ ያደረሰውን ለሌሎች አገሮች ማስጠንቀቂያ አድርጎ አቀረበው። በ1978 ፔሩ የሐይቁን ክፍል ብሔራዊ ጥብቅ ስፍራ ብላ ዐወጀች። ይሁን እንጂ ጥብቅ ስፍራ በሽታን አያግድም፤ በ1981 መጨረሻ የዓሣን ቆዳ በነጭ ነጠብጣብ የሚሸፍን፣ በዓይን የማይታይ ተባይ በፑኖ ወሽመጥ ገብቶ ወደ 18 ሚሊዮን የሚገመት ኦሬስቲያስ ፈጀ፤ ከሞቱትም የሚበዙት ካራቺዎች ነበሩ። በዚያው ዓመት ኢስፒ፣ ከሐይቁ ዓሦች ሁሉ የበዛውና ሕዝቡ ከጥንት ጀምሮ ጠብሶ ሲበላው የኖረው፣ ገና መጀመሪያ ሳይንሳዊ ስሙን አገኘ።

በ1984 አሜሪካዊቱ ሊቅ ሊን ፓረንቲ በኒው ዮርክ የተፈጥሮ ታሪክ ቤተ መዘክር መጽሔት የወገኑን ሙሉ ምርመራ አውጥታ 43 ዝርያዎች ቆጠረች። አንዳንዶች ቁጥሩ በዛ ብለው ተከራክረዋል፤ ካራቺ የሚባለው ከስፍራ ስፍራ መልኩን እየለወጠ መዛኙን ስለሚያሳስት ክርክሩ አልተዘጋም። ፓረንቲ አስቀድማ በ1981 የእነዚህ ዓሦች የቅርብ ዘመዶች ከአንዲስ ማዶ ሳይሆን ከውቅያኖስ ማዶ፣ በሜዲትራኒያንና በቀይ ባሕር አካባቢ በጨዋማ ውሃ የሚኖሩት አፋኒየስ የተባሉት ናቸው የሚል አሳብ አቅርባ ነበር፤ በኋላ የዘር ፈትል የመረመሩ ሊቃውንት ዝምድናው እርሷ እንዳለችው ቅርብ እንዳልሆነ ገልጠዋል፣ ሩቅ ዘመድነቱ ግን አልተካደም።

ፓረንቲ ስም ካወጣችላቸው አንዱ በቺሌ የአስኮታን ጨዋማ ሜዳ ዳር በሚፈልቁ ጥቂት ምንጮች ብቻ የሚኖር ሲሆን፣ ከዚያ ምድር ውሃ ለመዳብ ማዕድን ይቀዳል፤ በመዳብ የበለጸገው አጋሲ በገንዘቡ ያጠናው ወገን በመዳብ ምክንያት መጠጊያ ማጣቱ የታሪክ ምፀት ነው። በሌላው የቺሌ ሐይቅ በቹንጋራ የሆነው ግን ከዚህ የተለየ ነው። ከ4,500 ሜትር ከፍታ በላይ ከእሳተ ገሞራ ግርጌ ያለውን ይህን ሐይቅ የመንግሥት የመስኖ መሥሪያ ቤት ለአሳፓ ሸለቆ እርሻ ሊቀዳው ሲነሣ፣ ዜጎች ተቃውመው ከሰሱ፤ የቺሌ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በታኅሣሥ 1985 ውሃው እንዳይቀዳ ፈረደ። በሐይቁ ውስጥ የነበረው ኦሬስቲያስ ስም የወጣለት ፍርዱ ከተሰጠ ሁለት ዓመት ያህል በኋላ ነው። በዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ ፍርድ ከጥፋት የቀደመበት ስፍራ እኔ የማውቀው ይህን አንዱን ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲህ ያለው አሳዛኝ ነው። ከላ ፓስ በላይ ያለችው የኤል አልቶ ከተማ በፍጥነት አድጋ ፍሳሿን በካታሪ ወንዝ ወደ ቲቲካካ የኮሃና ወሽመጥ ትለቃለች፤ ከፔሩም በኩል ፑኖና ሁሊያካ እንዲሁ ያደርጋሉ። በ2015 በትንሹ የሐይቁ ክፍል አልጌ በዝቶ ውሃውን አረንጓዴ ባደረገ ጊዜ፣ ዓሣው፣ እንቁራሪቱና ወፉ አብረው አለቁ። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር ስፋቱ በደህናው ዘመን 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይደርስ የነበረው የፖኦፖ ሐይቅ መድረቁ በይፋ ተነገረ፤ ከመስኖው፣ ከማዕድኑ ዝቃጭና ከድርቁ የተረፈ ውሃ አልነበረም። ፔሄሬዩም ካራቺውም በአንድነት ደርቀው ቀሩ፤ በሐይቁ ዳር ይኖሩ የነበሩት ኡሩ ሙራቶ የተባሉ አጥማጆችም ታንኳቸውን በደረቅ ጨው ላይ ትተው ወደ ጨው ማውጫና ወደ ከተማ ተሰደዱ። በ2023 ደግሞ ዝናቡ ቀርቶ የቲቲካካ ውሃ ከታወቀው ዝቅተኛ ልኩ አቅራቢያ ደረሰ፤ ኢስፒና ካራቺ እንቁላላቸውን የሚጥሉበት የዳር ተክል ብዙ ስፍራ ከውሃ ውጭ ቀረ። ትራውት ግን ዛሬ በመረብ በረት ታስሮ እየተቀለበ በሐይቁ ላይ በሺህ በሚቆጠር ቶን ይመረታል፤ ለጎብኚው የቲቲካካ ዓሣ ተብሎ የሚቀርብለትም ይኸው ነው።

ታሪኩን ከመፈጸሜ በፊት ለአገራችን አንባቢ የማስታውሰው አንድ ነገር አለ። ፓረንቲ የጠቀሰቻቸው የሩቅ ዘመዶች አንዱ በአፋር ምድር፣ ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ባለው በአፍዴራ ሐይቅ፣ ከዳር በሚፈልቁት ፍል ውሃዎች አካባቢ ይኖራል፤ በ2001 ኢትዮጵያዊው የዓሣ ሊቅ አበበ ጌታሁን ከአሜሪካዊው ከኬኔት ላዛራ ጋራ ስም ሰጥተውታል፣ በሌላም ስፍራ አይገኝም። የአፍዴራ ጨው ለአገራችን ገበታ አስፈላጊ መሆኑን አልክድም፤ ነገር ግን የጨው ኩሬ የሚቆፍሩና ፈቃድ የሚሰጡ ሹማምንት የምንጮቹን ዳር ሳይነኩ እንዲተዉ፣ ዓሣውንም በየዓመቱ የሚቆጥር ሰው እንዲመድቡ፣ ከሥራውም በፊት በዚያ የሚኖረውን የአፋር ሰው እንዲጠይቁ እለምናለሁ።